ቆሞ የሚነበብ መጨረሻ

መጽሐፍ አከራዩ ጠረጴዛውን የሚዘረጋው አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ነው። እስከ አንገቱ የተቆለፈው ካፖርቱ በበጋም አይወልቅም። ስለ ጠፈር ተጓዧ ልጅ ከተጻፉት ሦስት መጻሕፍት ሁለቱን እንደማንኛውም መጽሐፍ ያከራያል፤ የሦስተኛውን የመጨረሻ ምዕራፍ ግን ገንጥሎ በደረት ኪሱ ይዞታል። መጨረሻውን የፈለገ እፊቱ ቆሞ ያነባል፤ እሱም ዓይኑን ሳይነቅል የአንባቢውን ፊት ያያል። ያለቀሰውን «አይዞህ» ብሎ ይሸኛል፤ ላላለቀሰ ዳግመኛ መጽሐፍ አያከራይም።

ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣው ተማሪ ይህን ሰምታ ነው የመጣችው። መጨረሻውን ልታውቅ፣ እንባዋን ግን ላትሰጠው ምላለች።

«ቀስ እያልሽ አንብቢ፣ የኔ ልጅ» አላት።

አነበበች። በልጅነቷ ጥሏት የሄደው አባቷ በማረፊያ ጣቢያው አርጅቶ ይጠብቃታል፤ ልጅቱ ድምፁን በሬዲዮ ትሰማና፣ መሣሪያውን ዘግታ ወደ ሩቁ ኮከብ ጉዞዋን ትቀጥላለች። ተማሪዋ ቀና ስትል ሰውዬው ፊቷ ላይ እንባ ይፈልግ ነበር።

«አባትየው አላሳዘነሽም?»

«ምን ያሳዝነኛል? ደግ አደረገች።»

«ተጸጽቶ ቢሆንስ?»

«ቀድሞ ማሰብ ነበረበት፣ አባባ።»

ወረቀቶቹን ተቀብሎ አጠፋቸው፤ እጁ ግን ኪሱን ፈልጎ አጣው።

«አራተኛ መጽሐፍ ይወጣለት ይሆን?» ሲል ጠየቃት።

የጠየቀው ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ራሱ እንደሆነ ገብቷታል።

«አይወጣም» አለችው፣ ቃሉን ረገጥ አድርጋ፤ «ይህ የመጨረሻው ነው።»