በአያ ጌጡ ልክ የተሠራች ጋሪ

ልጅ እያለሁ አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ ጋሪ ይሠራ ነበር። የሚሠራቸው ሁሉ የእህልና የእንጨት መጫኛ ነበሩ፤ በሰው ልክ ሲሠራ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አያ ጌጡ ማሲንቋቸውን አንግተው በየሠርጉ የሚዞሩ አዝማሪ ነበሩ። ቁመታቸው ከእኔ፣ ከዘጠኝ ዓመቷ ልጅ፣ እምብዛም አይበልጥም። በግጥም የሚደርስባቸው አልነበረም፤ ከተማው ግን ጢማቸው ሸብቶ እያየ «አንተ» ይላቸዋል። «አንቱ» የሚላቸው አባቴ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን መጡና፣ «በሄድኩበት ሁሉ እንደ ጆንያ አንስተው ነው ጋሪ ላይ የሚጭኑኝ። ራሴ ወጥቼ ራሴ የምወርድበት ሥራልኝ» አሉት።

አባቴ እግራቸውን በገመድ ለካ። ከዋንዛ ሳንቃና ከብስክሌት ጎማ፣ ዝቅ ያለ መርገጫ ያላት ጋሪ ሠራላቸው። የቀባኋት እኔ ነኝ፤ የቀለሙ ሽታ ሳምንት ሙሉ ከጣቴ አልለቀቀም። አንዲት ደቃቃ ፈረስ ጠምደው ልጓሙን ሲጨብጡ ፊታቸው በራ።

በጥር ወር ገሳይ ከተማ ለሠርግ ተጠሩ፤ እኔና አባቴም ነበርን። ደጋሹ ጋሪዋን ሲያይ ሳቀ። «ይቺማ የልጅ መጫወቻ ናት» ብሎ አያ ጌጡን በብብታቸው አንስቶ መሬት አስቀመጣቸውና አምስት ልጆች ጫነባት። ፈረሷ ደነበረች፤ መርገጫው ከድንጋይ ተጋጭቶ ተገነጠለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አባቴ ልጆቹን አንድ በአንድ አወረደና ደጋሹን፣ «ይቅርታ ጠይቃቸው» አለው።

«አዝማሪን?»

«ታላቅህን።»

ደጋሹ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። አያ ጌጡ ሙሽሮቹን መረቁ፤ ማሲንቋቸውን ግን አልነኩም። አባቴ መርገጫውን በጠፍር አስሮላቸው፣ ሦስታችንም ምግብ ሳንቀምስ ወጣን። በሳምንቱ ሌላ ደጋሽ ጠራቸው፤ በዚያች ጋሪ ሄዱ።

ዘንድሮ በጥር እዚያው ደብረ ታቦር አዳራሽ ውስጥ የዘመድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ለማሳቅ የተጠራ አንድ አጭር ሰው ነበር። ሚዜዎቹ ወደ ላይ እየወረወሩ ይቀልቡታል፤ እንግዳው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ሄጄ የአንዱን ሚዜ ክንድ ያዝኩና «አውርደው» አልኩት።

«እትዬ፣ ቀልድ እኮ ነው» አለኝ።

ሰውየውም ላቡን እየጠረገ፣ «ተዪው እህቴ፣ ሥራዬ ነው» አለኝ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ይህ ነው። የገሳዩ ደጋሽ ባለጌ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ከአያ ጌጡ ግጥም የሚፈልግ ሌላ ሰው አይጠፋም ነበር። ከዚህ ሰው ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሆነን የፈለግነው ቁመቱን ብቻ ነው።