የሚነበብ ፊርማ

ባንኩ ለገዛ ጋራዤ የቼክ ሒሳብ ከለከለኝ። ጥፋቴ በአውራ ጣቴ መፈረሜ ነበር። መለዋወጫ የሚያስመጣው ጣሊያን ያለ ቼክ አንዲት ካንዴላ አይሸጥም፤ ባንኩ ደግሞ «ማንበብ የሚችል ሰው ይፈርምልዎት» ይላል። ከዘመድ ማንበብ የሚችለው የሚስቴ ወንድም ብቻ ነው። እሱ ከፈረመ ጋራዡ የእሱ፣ ግራሶው የእኔ ሊሆን ነው።

ስለዚህ በአርባ ዓመቴ በሰፈራችን በገጀረት የማታ ትምህርት ገባሁ። ሁለት ዓመት ለፍቼ ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ጥርት አድርጌ መጻፍ ቻልኩ። ባንክ ሄጄ፣ ላቤ እየወረደ፣ በጸሐፊው ፊት ጻፍኩት። ጸሐፊው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ክራቫት ያነቀው ልጅ ነው። አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ይነበባል! እንዲህ ከተነበበማ ማንም ይገለብጠዋል።»

«የማይነበብ ነው የምትፈልገው?»

«አዎ፣ ፊርማ እንደሱ ነው።»

«ዋይ ኣነ! የማይነበብማ ሳልማርም እችል ነበር።»

ብዕሩን አንስቼ የተበጠሰ የፍሬን ሽቦ የመሰለ ነገር ጫርኩለት። «በጣም ጥሩ!» አለና ማኅተሙን መታበት። የቼክ ደብተሬን የተቀበልኩት ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ነው።