የዘንዶው እርም የተፈታበት በጋ

ልጅ ሳለሁ በመንደራችን ዘንዶን የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራው የአባባ ጅሎ አፍ ነበር። መንደሯ ከጮሌ ወደ ዋቤ ሸለቆ ሲወረድ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሊጀምር ሲል፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። አባቴ ለአንዲት ክፍል ጤና ኬላ ድሬሰር ሆኖ ስለተመደበ፣ ጓዛችንን ጭነን ከአሰላ የወረድነው እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ነው። ኦሮምኛውን ከመንደሩ ልጆች ጋር አፈር ስፈጭ ተማርኩት። አባባ ጅሎ ግን ለእኔ ሲሉ ተረታቸውን በአማርኛ ይጀምሩና፣ ነገሩ ሲጠነክር ሳይታወቃቸው ወደ ራሳቸው ቋንቋ ይሻገራሉ፤ እኔም እንደ ጅራት ተከትያቸው እሻገር ነበር።

ያኔ መብራት የሚባል ነገር አልነበረም። ከብት ገብቶ፣ ጥጃ ታስሮ፣ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን፤ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለችው ኩራዝ የሽማግሌውን ጥላ ግድግዳው ላይ እያገዘፈች፣ አንዲቱን የተጠበሰች በቆሎ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን እሳቱን ከበን እንቀመጥ ነበር። አባባ ጅሎ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ልጅ ካዛጋባቸው ተረቱን እዚያው ያቆሙታል፤ የቀረውን ለመስማት ሌላ ቀን መለመን ነው። የዘንዶውን ተረት ሲያወሩ ግን ቁጣውም ይቀራል። በመቆስቆሻው እንጨት አመዱ ላይ ጠመዝማዛ መስመር ያሰምሩና፣ ስንወጣ «እንዳትረግጡት» ይሉናል። እኛም አመዱን እየዘለልን እንወጣ ነበር።

ተረቱ እንዲህ ነው። በድሮ ጊዜ የቆዳ ነጋዴዎች ወደ ሸለቆው መጡና ሰዉ ዘንዶ እያደነ ይሸጥላቸው ጀመር። ዘንዶው ሲያልቅ ነጋዴዎቹም ሄዱ። ከዚያ አይጥ መጣ። አይጡ ማሽላውን በማሳው ላይ በላ፤ የጉድጓዱን እህል በላ፤ እህል ሲያጣ የአልጋውን ጠፍር በላ፤ ጠፍሩን ሲጨርስ የተኛ ሕፃን ተረከዝ ማኘክ ጀመረ። እዚህ ጋ ሁላችንም እግራችንን ወደ ውስጥ እንሰበስባለን። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ወደ ሸለቆው ወርዶ ብዙ ከፈለገ በኋላ፣ ሾላ ሥር እንቁላሎቿን በገላዋ ከባ የተኛች አንዲት ዘንዶ አገኘ። ወተት አስቀመጠላትና ማለላት። ከዛሬ ወዲያ አንቺን የገደለ ዘሩ አይብቀል፣ ላሙ አትታለብ፣ ልጁ አባቴ አይበለው አለ።

ተረት መስሎኝ ስሰማው ኖሬ፣ ያ ሽማግሌ የአባባ ጅሎ የገዛ አባት መሆናቸውን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። አርሲዎች የማይነካ፣ የሚከበር ነገርን ወዩ ይሉታል፤ በእኛ አፍ እርም እንደማለት ነው። አባትየው ሕዝቡን ሰብስበው፣ እርጥብ ሳር ቋጥረው፣ ዘንዶን ወዩ አድርገው ቃል አሰሩ። እንዲህ ያለውን ቃል ያሰረው ሰው ወይም በእግሩ የተተካው የበኩር ልጁ ካልፈታው በቀር ማንም አይፈታውም። አባትየው ሲሞቱ ቃሉ ወደ አባባ ጅሎ ዞረ። ያን ሸለቆ ዘበኛ አልጠበቀውም፤ የጠበቀው አመድ ላይ የተሰመረ መስመርና ማታ ማታ የሚነገር ወሬ ነው።

ቃሉም ሠራ። እኛ በሄድን ሰሞን ዘንዶ አየሁ የሚል ሰው እንደ ብርቅ ይጠየቅ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከዝናብ በኋላ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቅ ዘንዶ ማየት የተለመደ ነገር ሆነ፤ እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ያየሁ ቀን ሮጬ ሄጄ ለአባባ ጅሎ ስነግራቸው፣ ያ ቁጡ ሰው ግንባሬን ስመውኝ ወተት አጠጡኝ። ደስታቸው የሕፃን ነበር። ከዚያ ግልገል መጥፋት ጀመረ። ውሻም ጠፋ። መጀመሪያ ሰዉ ጅብ ነው አለ፤ ኋላ ግን የሁሉም ዓይን ወደ ሸለቆው ዞረ፤ ደፍሮ የሚናገር ብቻ ታጣ።

ነኢማ ጓደኛዬ ነበረች። እናቷ ፋጡማ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ያለቻትን አንዲት ልጅ ይዛ፣ ፍየሎቿን እያረባች የምትኖር ሴት ናት። አንድ ቀን ከነኢማ ጋር ጀሪካናችንን አንጠልጥለን ወደ ምንጩ ወረድን። እሷ ቀድማኝ ጎንበስ ስትል ውኃው ተነሣ፤ እኔ የመሰለኝ እንደዚያ ነው። ዘንዶው ክንዷን ነክሶ ተጠመጠመባት። ጩኸቴን ሰምተው እዚያው አጠገብ ሣር ሲያጭዱ የነበሩ ሴቶች ማጭዳቸውን እንደያዙ ሮጠው ደረሱ። ደርሰውም ቆሙ።

ያን መቆም እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስለት በእጃቸው ነበር፤ ልጅቱ ዓይኗ እየፈጠጠ ነበር፤ አንዷም ግን ማጭዷን አላነሣችም። ሁሉም የአባባ ጅሎን ተረት በልጅነታቸው እሳት ዳር ሰምተው ያደጉ ናቸው። ማጭዱን ጥለው ዘንዶውን ከጅራቱ በኩል በባዶ እጃቸው ይፈቱት ጀመር፤ እንዳይጎዳ እየተጠነቀቁ፣ እያለቀሱ። ፋጡማም ደርሳ ከእነሱ ጋር ፈታች። ሲለቅ ወደ ሸለቆው ተሳበና ሄደ፤ መንገድ ለቀቁለት። አባቴ የነኢማን ክንድ እንደምንም በእንጨት ደግፎ አሰረው፤ ኋላ አሰላ ድረስ ተወስዳ ታከመች። ነፍሷ ተረፈች። ክንዷ ግን ከዚያ ወዲያ ጀሪካን አላነሣም፣ ጸጉሯንም የምታበጥርላት እናቷ ሆነች።

በሳምንቱ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ። ሲንቄ አንዲት የአርሲ ሴት ሙሽራ ስትሆን የሚሰጣት ቀጭን በትር ነው፤ ሴት ስትበደል ሴቶች ሁሉ እሱን ይዘው ይወጣሉ፣ ሲንቄ ይዛ ደጁ የቆመችን ሴት አሳፍሮ የሚመልስ ሽማግሌም የለም። በአባባ ጅሎ ደጃፍ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ፋጡማ ከፊት ነበረች።

«አባባ፣ ማጭድ በእጃችን ነበር» አለች። «ልጄ እየሞተች ማጭድ በእጃችን ነበር። አባትዎ ያሰሩትን እርስዎ ይፍቱልን።»

አባባ ጅሎ ከፈቱት ሸለቆው እንደገና ባዶ እንደሚሆን ያውቃሉ፤ የአባታቸው ቃል በእሳቸው አፍ እንደሚሞትም ያውቃሉ። ካልፈቱት ደግሞ ቀጣዩን ልጅ የሚገድለው የእሳቸው ቃል ነው። እኔ ሴቶቹን አልወቅስም። ያኔም አልወቀስኳቸውም፣ ዛሬ እናት ከሆንኩ በኋላማ ጭራሽ።

በማግስቱ ሕዝቡ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። አባባ ጅሎ በአባታቸው ቋጠሮ ምሳሌ እዚያው የቋጠሩትን ሳር በሁሉም ፊት ፈትተው በተኑት። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልፈቱትም። መንደሩን ከሸለቆው ከሚለየው የከብት መንገድ በላይ ወደ ሰው ሰፈር የወጣ ዘንዶ ይገደል፤ ከመንገዱ በታች ያለው ግን በቤቱ ነውና አሁንም ወዩ ነው አሉ። ሰዉ አሚን አለ። አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ «ብልህ ሕግ ነው» ብሎ አደነቀ። እውነትም ብልህ ሕግ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ የሚያወጣ ሰው ዛሬም አላውቅም።

በመጀመሪያው ወር የተገደለው አንድ ብቻ ነው፤ ያውም በፋጡማ በረት አጠገብ። ቆዳውን ጢቾ ገበያ ይዞት የሄደ ጎረምሳ ባለ አይሱዙ ነጋዴ ተናጥቆ እንደገዛው እያወራ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዘንዶዎቹ መንገዱን አዘውትረው መሻገር ጀመሩ። እንዴት እንደሚሻገሩ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብንም፤ ጎረምሶቹ ከከብት መንገዱ በላይ፣ ልክ ጠርዙ ላይ፣ ግልገል አስረው ሲያስጮሁት ይውላሉ። ዘንዶው የግልገሉን ድምፅ ተከትሎ መንገዱን ሲሻገር ይጠብቁታል። ሲጠየቁም «ከመንገድ በላይ ነው የገደልነው» ብለው ይምላሉ፤ መሐላቸውም እውነት ነው። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አንድም ሰው ሕግ አልጣሰም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ ቀዳዳውን የከፈተው ግን ውሻ ሳይሆን የአንድ ሽማግሌ ርኅራኄ ነበር።

እሳት ዳር የምንሰበሰበው ልጆች እየቀነስን ሄድን። አንድ ማታ አባባ ጅሎ የዘንዶውን ተረት ጀምረው ሽማግሌው የሚምልበት ቦታ ሲደርሱ፣ ከመካከላችን አንዱ «ግን እኮ ተፈትቷል» አለና ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። አመዱ ላይ መስመሩን ሳያሰምሩ መቆስቆሻውን አስቀመጡ፤ ኩራዟም ጭስ ብቻ ሆነች። ከዚያ ማታ ወዲያ ያን ተረት አልሰማሁትም።

በበጋው መጨረሻ ፋጡማ ሲንቄዋን ይዛ እንደገና መጣች፣ አሁን ግን ብቻዋን። አባቴና እኔ ለአባባ ጅሎ የዓይን ጠብታ ልናደርስ ሄደን እዚያው ነበርን። ደጃፉ ላይ ቆማ አለቀሰች።

«አባባ፣ እኔ የጠየቅሁት ለልጄ ነው፤ ለቆዳ አልጠየቅሁም። የነኢማ ክንድ መነገጃ ሆነ። ይሰሩት፣ እንደገና ይሰሩት።»

«ልጄ፣ ተፈትቶ የታሰረ ገመድ እንደ በፊቱ አይጠብቅም» አሏት። ቢሆንም ሴት ሲንቄ ይዛ ለምናለችና እምቢ አላሉም።

ሕዝቡ እንደገና ሾላው ሥር ተሰበሰበ። አባባ ጅሎ በዚያን ጊዜ ዓይናቸው በጣም ደክሞ ነበርና አባቴ እጃቸውን ይዞ ወሰዳቸው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። እርጥብ ሳር ቋጠሩ፤ ከመንገዱ በላይም በታችም ዘንዶን የገደለ ዘሩ አይብቀል፣ ላሙ አትታለብ፣ ልጁ አባቴ አይበለው አሉ። ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ «አሚን!» አለ። ሸለቆው መልሶ አስተጋባው። ገመድ ትከሻቸው ላይ የጠቀለሉት ጎረምሶችም አብረው አሉ፤ አየኋቸው፤ እነሱ ነበሩ ከሁሉም በላይ የጮኹት። እኛ ገና ወደ ቤት ሳንደርስ ከታች የግልገል ጩኸት ተሰማ።

አባባ ጅሎ ቆሙ። ጆሯቸው ደህና ነበር።

«ድሬሰር፣ አሚን ሲሉ ጮክ ብለው ነው አይደል ያሉት?»

«አዎ አባባ፣ ሁሉም ብለዋል» አለ አባቴ፣ ሊያጽናናቸው።

«በአባቴ ጊዜ ቀስ ብለው ነበር የሚሉት» አሉ። «የፈራ ሰው አሚን ሲል ድምፁ አይወጣም።»

በሚቀጥለው ክረምት ሞቱ። ሸለቆው ከዚያ በፊት ባዶ ሆኖ ነበር፤ ነጋዴውም መምጣቱን ተወ። እኛ ወደ አሰላ ተመለስን፤ ነኢማም በአንድ እጇ ልጆች እያሳደገች እዚያው እንዳለች እሰማለሁ። የሆነውን ሁሉ አስቤ የቱ ጋ መቆም እንደነበረብን ዛሬም አላውቀውም፤ ክንዷን ሳስታውስ ሴቶቹ ልክ ናቸው እላለሁ፣ ያን ድንጋይ ላይ የተዘረጋ ግርማ ሳስታውስ ደግሞ ልቤ ይቃጠላል።

በቅርቡ በከተማችን በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ ባለሙያ ተነሥተው፣ በቆላው ወንዝ ያለው አዞ ቁጥሩ ስላገገመ ከጥበቃ ይውጣ፣ አደኑም በደንብ ይመራል አሉ። የተናገሩት እውነት ነበር፤ ያወጡት ደንብም ብልህ ነበር፤ አዞው ሰው ጎድቷል፣ የተጎዱትም ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል። ድምፅ ሲሰጥ እኔም እጄን አወጣሁ፣ አለማውጣት አልቻልኩም። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ ግን እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዙሪያዬን ተመለከትኩ፤ ቀስ ብሎ የሚያጨበጭብ አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ።