የሁዳዴ ቅቤና የሞጣ ጥድ

እትዬ ፈንታነሽ የቅቤ ቅል የሚከፍቱት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ብቸና በደረስኩ ሰሞን መጀመሪያ ልብ ያልኩት ይህንን ነበር። ቅቤን የሚያዩት በአፍንጫቸው ነው።

የሚኖሩት እኛ ዘማቾች ከምናድርበት ቤት አጠገብ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ቅቤ የሚበላ ስለሌለ፣ ከገጠር የሚመጣውን እየገዙ ለፋሲካ ያጠራቅማሉ። ሁለት ወር ሙሉ ሳይከረፋ የቆየለት ነጋዴ ገበያው የእሱ ነው። ባለፈው ፋሲካ ግን የእሳቸው ከረፋ፤ ከሞጣ የመጣው የሀብትነሽ ቅቤ ትናንት የተናጠ ይመስል ነበር። ሀብትነሽ ደግሞ የቀድሞ ባላቸውን ደምለውን ያገባችው ሴት ናት።

«ባሌን ወሰደች፤ ይሁን» አሉኝ። «ፋሲካዬን ግን አልሰጣትም።»

ለዘመቻው ሥራ ሞጣ ስሄድ ከሀብትነሽ አንድ ቅል ቅቤ እንድገዛ፣ ለማን እንደሆነም እንዳልናገር አስማሉኝ። አመጣሁላቸው። ጾም ነውና አይቀምሱም፤ ጨፍነው አሸተቱ። ብዙ ቆዩ። ከቅቤው ሥር ሌላ ሽታ ነበር፤ ዝናብ የመታው ደን የመሰለ፤ እኔም ደረሰኝ።

«ጥድ» አሉ። «ቅሉን በጥድ ነው የምታጥነው።»

ብቸና ውስጥ ቅል የሚታጠነው በወይራ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ትዝ ብሎኝ ደስ አለኝ።

«ቅቤን የሚያከረፋው አየሩ ነው፣ እትዬ። ጥድ ውስጥ ያለው ዘይት ደግሞ አየሩን ይከላከላል።»

«እሱንማ ደምለውም ይለኝ ነበር፤ አየር ምናምን ሳይል።» ዓይናቸውን ገለጡ። «እዚህ ሳለ ደረቅ ጥድ እየለቀመ ያመጣልኝ ነበር። ያባቱ ቤት ልማድ ነው። የሬሳ ሣጥን ይሸታል ብዬ ደጅ ጣልኩበት። እሷ አልጣለችበትም።»

እኔ ስለ ዘይቱ ስደነቅ፣ እሳቸው የሚያዩት ሞጣ ላይ ጥድ ተሸክሞ የሚገባ ሰው ነበር።

«ለፋሲካ ገና አምስት ሳምንት አለ እኮ» አልኩ።

«አንተ ደግሞ፣ ዝም በል እስቲ።»

የሀብትነሽን ቅል ከድነው ወደ ጓዳ አስገቡት። ሲወጡ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ባዶ ዘንቢል ይዘዋል። ደብሩ አጥር ሥር ነፋስ የሚጥለው ጥድ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ሰው ቢጠይቅህ በወይራ ነው የሚያጥኑት በል» አሉኝ። «የሞጣ ሰው ከሆነማ፣ ማልለት።»

ሽቅብ ወጡ። መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው አንድ የጥድ ቅርንጫፍ አነሡ፤ ጨፍነው አሸተቱት፤ ፊታቸውን አጨፍግገው ዘንቢሉ ውስጥ ከተቱና ሄዱ።