ጸበል የነካው ስስ ፊልም

ለሁለተኛ ዲግሪ ደብረ ታቦር ስማር ዋና ሥራዬ ፕላስቲክ ማድረቅ ነበር። ፖሊመር የሚባለውን የፕላስቲክ ዱቄት በሙቅ ውሃ አሟሟለሁ፤ ለዓይን የማይታይ የዚንክ ኦክሳይድ ብናኝ እጨምርበታለሁ፤ ከዚያ በብርጭቆ ሳህን አፈስና እጠብቃለሁ። ሲደርቅ እንደ ወተት ስልባቦት ይላጣል፤ ይህን ስስ ልጣጭ ፊልም እንለዋለን። የተዋጣለት ፊልም የምናይበትን ብርሃን ያሳልፋል፣ ቆዳ የሚያቃጥለውን የፀሐይ ጨረር ግን ያስቀራል። ያልተዋጣለት ሻጋታ ይመስላል። የእኔ አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ ነበር።

የቤተ ሙከራችን መስኮት አልገጥም ብሎ አቧራው ስላስቸገረኝ ሳህኖቼን ተሸክሜ ወደ ተከራየሁበት ቤት ወሰድኳቸው። አከራዬ ባልቴት ናቸው፤ ደግ፣ ቆራጥ፣ ሳይጠይቁ የማያድሩ።

"ብርሃን አሳልፎ ፀሐይ የሚከለክል?" አሉኝ ሳስረዳቸው። "እና ጥላ ነው ወይስ መስተዋት?"

"ሁለቱም ነው፣ እትዬ። ብቻ አደራዎን፣ ውሃ እንዳይነካው። ውሃ ከነካው ይሟሟል፤ እኔም አብሬው እሟሟለሁ።"

"ውሃ በደጁም አያልፍ!" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጃቸውን እንኳ የሚታጠቡት ውጭ ወጥተው ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሳህን ሰመረልኝ፤ ጥርት ያለ፣ ከሥሩ ያኖሩት ጽሑፍ የሚነበብበት። ፊልሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያሳልፍ የሚለካው ማሽን ባሕር ዳር ነው፤ ወረፋው ለጉድ ነው። የእኔ ተራ ሐሙስ ነበር። እሱ ካመለጠኝ የዚያ ዓመት ምረቃም እንደሚያመልጠኝ አማካሪዬ ሳይሸሽግ ነግሮኛል። እናቴ ደግሞ ለምረቃው በግ እየቀለበች ነው።

ረቡዕ ሚካኤል ዋለ። ከሰዓት ስገባ የአከራዬ ፊት በርቷል። የነፍስ አባታቸው እንደ ወሩ ልማድ ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጥተው ነበር።

"እንዲሰምርልህ ብዬ ያንተንም አስረጨሁልህ!"

ሮጬ አየሁት። ጠብታ ያረፈበት ሁሉ ነጥቶና ተጨማዶ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስሏል።

"እትዬ! ውሃ እንዳይነካው ብዬ አልነበር?"

"የምን ውሃ?" ተቆጡ። "ይኼማ ጸበል ነው!"

በትልቅ ሰው አይጮኹም፣ ጸበል አይራገሙም። ክፍሌ ገብቼ ትራሴን ደበደብኩት። ቀዝቀዝ ስል ግን የማሽኑ ብርሃን የሚያልፈው የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ መሆኑ ትዝ አለኝ። ከጠብታ ጠብታ መካከል አንዲት ደህና ቁራጭ ፈልጌ በመቀስ ቆረጥኩ። ጠርዟ ላይ ብቻ ትንሽ ነጭ ነጥብ ቀረች። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልዬ በማግስቱ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጎኔ የተቀመጠው ሰው ባስነጠሰ ቁጥር በዓይኔ ልበላው ደረስኩ።

የማሽኑ ባለሙያ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ጎልማሳ ነው። ቁራጯን አንስቶ ወደ መስኮቱ ይዞ አያት።

"ታምራለች" አለ። "ይቺ ነጭ ነገርስ ምንድን ናት?"

ዚንክ ናት ብል ምን ነበረበት! "ጸበል ነክቷት ነው" አልኩት።

"ጸበል?" ፊቱ ተለወጠ። አማተበ። "ተው!" ሳልል ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ ተሳለማት።

ከንፈሩ እርጥብ ነበር። ቁራጯ ተጣበቀችበትና ቀስ በቀስ መሟሟት ጀመረች። ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል፤ አፉን መክፈት ፈርቷል። ምረቃዬን በሰው ከንፈር ላይ ሲያልቅ ቆሜ አየሁት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ።

ከንፈሩን በመሐረብ ጠራረገና ያለ ወረፋ እንድለካ ለሰኞ የራሱን የምሳ ሰዓት ለቀቀልኝ።

"ሌላ ስታመጣ ግን" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ምን እንደነካው አትንገረኝ።"