ክራቢ ላይ ያገኘኋቸው አዛውንት

ይህን ሳወራ ፈጠራ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ዘንድሮ ቬኬሽን ወስጄ ታይላንድ ሄድኩ። ክራቢ የምትባል ሞቃታማ የባሕር ዳር ክፍለ ሀገር አለች፤ ደሴቶቿ በጀልባ ነው የሚጎበኙት። ሦስተኛው ደሴት ላይ ሰዉ ሁሉ ሲዋኝ፣ ነጠላ ጣል ያደረጉ አዛውንት ዛፍ ሥር ተቀምጠው አየሁ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ! እንዴት እዚህ ተገኙ?»

«ልጄ ናት ያመጣችኝ። ያቻትና ከዓሣ ጋር ትዋኛለች። አንተስ ከየት ነህ?»

«ከዴንቨር።»

«እኛም እኮ! ግሌንዴል ነው ቤታችን።»

እኔም ግሌንዴል ነኝ። ሕንጻውን ብጠይቃቸው የኛው ሆነ። አፓርትመንታቸው ደግሞ ልክ ከኔ በላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተያይተን አናውቅም።

«ቤቱ ደህና ነው» አሉ። «ከታች ያለው ሰውዬ ብቻ፣ ንጋት ላይ ስሰግድ ጣሪያውን በመጥረጊያ ይደበድብብኛል።»

አንድ ወጠምሻ ስፖርት የሚሠራ መስሎኝ ስደበድብ የኖርኩት እኔ ነኛ! ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሰውዬው እኔ ነኝ።»

ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንተ ነህ እንዴ? እኔኮ ክፉ መንፈስ የሚያስጨንቀው ሰው መስሎኝ፣ መጥረጊያው በተሰማ ቁጥር ላንተ ብዬ ሃያ ስግደት እጨምር ነበር!»