መብራቱ ነው የጠፋው?

የምኖረው ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳሎኔን ቆልፌ ኮምፒውተሬ ፊት እቀመጣለሁ፤ ስድስት ታካሚዎች በቪዲዮ ይገባሉ። ሥራዬ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። በቡድን የማክማቸው የስብዕና መታወክ ያለባቸውን ነው። የሙያው መጽሐፍ ስለ ሕመሙ ብዙ ይላል፤ የእኔዎቹ ግን ባጭሩ፣ ሰው ይተወናል ብለው ከመፍራታቸው የተነሳ ሰውን ቀድመው የሚያባርሩ ናቸው። ስለዚህ ገና ስንጀምር አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ማንም ሳይሰናበት አይወጣም፣ እኔም ብሆን።

ከስድስቱ አንዷ ልጅ ካሜራዋን ከፍታ አታውቅም። ለአምስት ወር የማውቃት በድምፅዋ ብቻ ነበር። ቀጭን ድምፅ፣ ከጀርባው የጎረቤት ዶሮ። "ፊቴን ያየ ሰው አይቆይም" ትል ነበር። እናቷ አልቆዩም፤ እጮኛዋም አልቆየም። አንድ ሐሙስ ቀረችና በሳምንቱ "መብራት ጠፍቶብኝ ነው" አለች። በዚህ ከተማ ያረፈደውም የቀረውም የሚያሳብበው በመብራት ነው። የእኔ ምላስ ደግሞ አያርፍም። "መብራቱ ነው የጠፋው ወይስ አንቺ?" አልኳት። ሌሎቹ ሳቁ። ያን ቀን ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ሰኔ ውስጥ፣ ዝናቡ ቆርቆሮዬን እየደበደበ ሳለ፣ "ዛሬ ካሜራውን ልከፍተው ነው" አለች።

"አይዞሽ፣ እዚሁ ነን" አልኳት።

ስክሪኔ ላይ ሁልጊዜ ጥቁር የነበረው ሳጥኗ ነጣ። ካሜራውን እያስተካከለች ነው መሰለኝ፣ ሰማያዊ ግድግዳና የነጠላ ጥለት አየሁ። ወዲያው አሮጌው ኮምፒውተሬ ድርግም አለ። መብራት ሄደ።

በስልኬ ልገባ ከኔትወርክ ጋር ስታገል ሩብ ሰዓት አለፈ። ስመለስ አምስቱ አሉ፣ እሷ የለችም። ከቡድኑ በዕድሜ የሚበልጡት ሰውዬ አቀርቅረው ነገሩኝ።

"'ሐኪሟም አየችኝና ሄደች' ብላ ዘጋችው። እ... ማለቴ፣ መብራት ይሆናል ብለናት ነበር። አልሰማችንም።"

ደጋግሜ ደወልኩ፤ አታነሳም። "መብራት ጠፍቶብኝ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ" ብዬ ጻፍኩላት። በማግስቱ መለሰች።

"መብራቱ ነው የጠፋው ወይስ እርስዎ?"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔው ቃል ነው የተመለሰልኝ። መልእክቷን ይዤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም። ስትመዘገብ የሞላችውን ቅጽ አወጣሁ፤ የቅርብ ዘመድ በሚለው ቦታ ሰረዝ ብቻ ነው ያሰመረችበት።

አሁንም አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ፣ ሰልፉ ላይ የቆሙትን ሴቶች ድምፅ አዳምጣለሁ። ባገኛት አንድ ነገር ብቻ ነው የምነግራት፤ ፊቷን እንዳላየሁት።